ስድስቱ ግንዶች

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጥናቱስ እንዴት ይዞሻል? ራስ ምታትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። እማዬ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ ብላኛለች።

አባዬ ድንጋይ ሲፈልጥበት የኖረውን ጉድጓድ አሁን ብታዪው አታውቂውም። አፈር ተሞልቶበት ዛፍ ተተክሎበታል፤ ዛፎቹ ቁመቴን አልፈዋል። እኔም እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ አፋቸው የተቀበሩ ኩባያዎች አሉ፤ ጫካው ምን ያህል ነፍሳት እንደሳበ እንዲታወቅ የገቡባቸውን ቆጥሬ ደብተር ላይ እጽፍና እለቃቸዋለሁ። አንቺ ጋሽ ጭራሮ ያልሻቸው ዘበኛ ባዩኝ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ጥንዚዛ መታወቂያ አወጣ?» ይሉኛል።

ጫካውን የምትከታተለው፣ እኔንም የቀጠረችኝ ባለሙያ አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግንዶቹን እንዳልነካ። አዲስ ጫካ የበሰበሰ እንጨት የለውም አለችኝ። ስለዚህ ጥንዚዛዎቹ እንዲፈለፈሉባቸው ስድስት አሮጌ ግንዶች በመኪና አስመጥታ ነበር።

እትዬ፣ እኔ ነኝ ያነደድኳቸው። እማዬን በቀትር ፀሐይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ እንኳ ይበርዳታል። እሳቱ ከጠፋ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከሥራ ስወጣ ትንሽ ትንሽ እየፈለጥኩ በጆንያ ወሰድኩ። የጥንዚዛዎቹን ልጆች፣ ነጫጮቹን ትሎች፣ ከቅርፊቱ ሥር እየለቀምኩ ቅጠል ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ የሚተርፉ መስሎኝ። በማግስቱ ደርቀው አገኘኋቸው። ደብተሩ ላይ ግን ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገለበጥኩ።

ትናንት ባለሙያዋ መጣች። ግንዶቹን ስታጣ ጋሽ ጭራሮን «እርስዎ እያሉ እንዴት ይጠፋሉ? ሸጠዋቸው ነው?» አለቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው «እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆናል፣ የኔ ልጅ» አሏት። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። በየቀኑ በሩን ከፍተው ከነጆንያዬ ያሳለፉኝ እሳቸው ናቸው እኮ። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ደብተሩን አገላብጥ ነበር። ነገ የስንብት ወረቀታቸውን ይዛ ትመጣለች።

እማዬ ፈተናሽ መቼ እንደሚያልቅ በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። ስነግራት ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች።

አምላክ ልፋትሽን ይቁጠርልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

ነገ ጠዋት ባለሙያዋን በሩ ላይ እጠብቃታለሁ። ያነደድኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። አፌ ከተያዘ ግን እጇን ይዤ ቤት አመጣታለሁ፤ ምድጃውንም እማዬንም ራሷ ትይ።

ታናሽ እህትሽ