ከደዶው ጉድጓድ ያወጣኋቸው ሦስት ቁጥሮች

ጽዮናዊት፣
ደዶ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የለካሁት የደዶው ጉድጓድ ውሃ የናይትሬት አማካይ፣ ከአሥራ ሁለት ናሙና፣ በሊትር ሃምሳ ሰባት ሚሊግራም ነበር፤ የተፈቀደው ሃምሳ ነው፣ ከዚያ ካለፈ የሕፃናትን ደም ኦክስጅን ያሳጣል። የስታቲስቲክስ ፈተናው፣ ቲ-ቴስቱም፣ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም አለ። አንቺ «ሦስቱ ትልልቆቹ የማሽን ስህተት ናቸው፣ አውጪያቸው» አልሽኝ። አወጣኋቸው። ከዚያ ቲ-ቴስቱ ከሃምሳ መብለጡ አልተረጋገጠም አለ፤ እኔ ለደዶ ሰዎች «ውሃው ደህና ነው» ብዬ ነገርኳቸው።

አሁን ከጉድጓዱ የሚቀዱት ኦቦ ዳባ ደወሉ። «ልጄ፣ በዚያ ውሃ የዱቄት ወተት የበጠበጥንላት ሕፃን ከንፈሯ ጠቆረ» አሉኝ።

ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ ጉድጓዱንም ዝጉ አልኳቸው። ትተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ፊታቸውን ማየት ፈርቻለሁ።

አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች ላፕቶፔ ላይ አሉ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ለአማካሪዬ ላኪለት።

ያንቺን ስም ለማንም አላነሳሁም።

አያንቱ