በመጋረጃው ጀርባ ያሉት ቋጠሮዎች

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ፊደሌ ከወትሮው ቢገዝፍብሽ እስክሪብቶው ወፍራም ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ተቆጥቻለሁ። እስኪበርድልኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ አልበረደልኝም። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

የማድ ቤቴን መጋረጃ ታውቂዋለሽ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምጠልፈው ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ጀርባ ወደ ቦዩ ዳር እወርዳለሁ፤ ማንም ሳይዘራት ራሷ የበቀለች አንዲት አበባ እቀጥፋለሁ፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጌ እስክትጠወልግ ድረስ እሷኑ እያየሁ እጠልፋለሁ። ከሥዕል አልገለብጥም። አንዷ ደማቅ ቢጫ ናት፤ አንዷ ቀን ተከፍታ ሲመሽ የምትዘጋ ነጭ፤ አንዷ ደግሞ በድንጋይ ስንጥቅ ካልሆነ የማትበቅል፣ ከአዝራር የማትበልጥ ሰማያዊ። ሰው አረም ይላቸዋል። ይበል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደ እነሱ ደስ ያሰኘኝ ነገር የለም።

አንቺ መጥተሽ በሄድሽ ማግስት መጋረጃውን ላጥበው አወረድኩት። ጀርባውን ስዳብስ ጣቴ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ቋጠሮ! በሰማያዊዋ አበባ ጀርባ ላይ ቋጠሮ! እኔ ክር ቋጥሬ አላውቅም፤ ጫፉን ከስፌቱ ሥር አሾልኬ ነው የምጨርሰው። መርፌ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ አትቋጥሪ ብዬሻለሁ፤ ስንት ጊዜ "ኧረ እትዬ፣ ጀርባውን ማን ያየዋል" ብለሽኛል! ይኸው ጣቴ አየው። ባለ አራት ቅጠል አበባዬን ተርትረሽ ባለ አምስት አድርገሽ ሰፍተሻታል። አንቺ ማን ሆነሽ?

ልረታሽ ብዬ ማስረጃ ፍለጋ ቦዩ ዳር ወረድኩ። እዚያው ቆሜ የአበባዋን ቅጠሎች ቆጠርኩ፤ አራት። መስኮት ሥር አምጥቼ ቆጠርኩ፤ ስድስት። ፀሐይ ላይ አወጣኋት፤ እንደገና አራት። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ይዞ የሚመጣን ተማሪ ምን እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

ጎረቤቴ አናጢው አጥሩን ሲጠግን አገኘሁትና ቁጠርልኝ አልኩት። "እትዬ መምህርት፣ በዚህ ዕድሜዬ ፈተና?" ብሎ ሳቀ። ቁጠር ብዬሃለሁ አልኩት። አምስት አለ። ድገም አልኩት። "ቢያስደግሙኝም አምስት ነው፤ ይልቅ ካለፍኩ ሰርተፍኬቴን ይስጡኝ" አለኝ። አልሳቅኩለትም።

ቤት ገብቼ የመጋረጃውን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት። ከአሥራ ሁለቱ አበቦች በሰባቱ ላይ ቋጠሮ አለ። ሰባት! እንግዲህ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። በመጣሽ ቁጥር፣ እኔ ምሳ ሳሰናዳልሽ፣ አንቺ ስትተረትሪና ስትሰፊ ኖረሻል። ከዚያ ደግሞ ማዕድ ላይ ቁጭ ብለሽ "እጅሽ ዛሬም እንደ ድሮው ነው" ትይኛለሽ። እንዴት ጉሮሮሽን አላነቀሽም?

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። የተማሪን ስሕተት ደብቄ አርሜ፣ ጎበዝ ብዬ ደብተሩን መልሼለት አላውቅም። ቀይ እስክሪብቶ ያሳፍራል እንጂ ሰውን አይንቅም። አንቺ ግን ናቅሽኝ። የተቆጣሁት በአምስተኛው ቅጠል አይደለም፤ አምስተኛው ቅጠል ትክክል ነው። የተቆጣሁት ያየሽውን ስላልነገርሽኝ ነው።

መርፌዎቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። የስፌት ዕቃ ሳጥኔን ስከፍት ሃያ መርፌ፣ ሁሉም ክር ገብቶላቸው፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተሰክተው አገኘሁ። ማን አዘዘሽ? ያውም የክሩ ጫፍ ሁሉ ተቋጥሮ! ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጥኩልሽ።

አሥራ ሦስተኛዋን አበባ ጀምሬያለሁ። ሐምራዊ ናት፤ ቅጠሎቿን በጣቴ ቆጥሬ ነው የጀመርኳት። ክር ያላቸው መርፌዎች ሁለት ቀርተዋል።

እሑድ ስትመጪ ቀይ ክር ይዘሽ ነይ። ስሕተት ያገኘሽበት ቦታ ላይ ቀይ ክር እሰሪና ጣቴን ወስደሽ አሳዪኝ። የምተረትረው ግን እኔው ነኝ። መርፌዎቹን ደግሞ ሠላሳ አድርጊያቸው፤ ቋጠሮውን እንዳሻሽ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ።

እስካሁን ያልበረደላት
ታላቅ እህትሽ