ያልደረሰው ብር አምባር

ጥር 15 ቀን 1972፣ ሐሙስ
ኤርፖርት መጋዘን ዕቃ ስናራግፍ ዋልን። ገሰሰ ዛሬም አላረፈም። "ኮርማው! እሁድ ሙሽራይቱን እንዳትጨርሳት!" መጋዘኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንደኛ ሚዜዬ ነው... ስለ ቡና ቤት ሴቶች ያወራሁለት ሁሉ ፈጠራ መሆኑን ቢያውቅስ? ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሴት አላውቅም።

ጥር 19፣ ሰኞ
አልሆነም።
በሰዓት እላፊው ምክንያት ሚዜዎቹ ሁሉ ሳሎን አደሩ። ሳላቸው ሳይቀር ይሰማል። ገሰሰ በሩን እየቆረቆረ፣ "አንተ! ጨርቁስ?" ይላል። ሙሽራዬ ውባንቺ ቀስ ብላ፣ "ተወው፣ ደክሞሃል" አለችኝ። እንደሱ ስትለኝ ደግሞ ባሰብኝ...
ሲነጋ ባዶ እጄን ወጣሁ። ገሰሰ አየኝ። "ልጃገረድ አልነበረችማ?" ዝም አልኩ። "አይዞህ ወንድሜ" ብሎ አቀፈኝ።
አንድ ቃል እኮ ነበር የሚበቃው።

ጥር 20
ሚዜዎቹ ደም ያለበትን ጨርቅ ይዘው፣ ብር አምባር እየጨፈሩ ወደ እናቷ ቤት መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም። መገናኛ ያለው ሰፈራቸው ደጅ ቆሞ ጠበቀ አሉ። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች በር ዘግተው ተኙ።
ውባንቺ ሰማች። አልጮኸችም።
"ምን አልካቸው?"
"ምንም።"
"እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። ለምን ምንም?"

ጥር 21
ገሰሰ መጣ። "መልሳት! ወንድ አይደለህ እንዴ?" ዝምታዬ ለኔ ክብር፣ ለሷ ስድብ ሆነ። ዛሬም አልሆነም። ሚዜዎቹ ከሄዱ ወዲያም ሳላቸው ጆሮዬ ላይ ነው... ነገ መልስ ነው። እናቷ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ?

ጥር 22
ወይዘሮ ፈለቀች ልጃቸውን አልሳሙም። ማዕዱ ቀረበ፤ የቆረሰ የለም። ተነሣሁ።
"ውባንቺን የነካት የለም። እኔም አልነካኋት። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።"
ገሰሰ ኮቴን ጎተተ። "ቁጭ በል አንተ! አበድክ?"
ወይዘሮ ፈለቀች አዩኝ... አዩኝ። "ይሄን ሰው ፊት ትላለህ?"
"እሷንም ያሟት ሰው ፊት ነው፣ እማማ።"
ሄደው ልጃቸውን አቀፉ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔን ያቀፈኝ የለም።

የካቲት 6
መጋዘን ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ስወጣ ሳቅ ይነሣል። ይከብዳል። ግን እዚያ ከእንግዲህ የምዋሸው ነገር የለኝም... እንቅልፍም ይወስደኝ ጀምሯል።
ማታ ውባንቺ ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።
"ምንድን ነው የምትፈራው?" አለችኝ።
"ሴት አላውቅም፣ ውባንቺ። ማንንም። ስለ ቡና ቤት ሴቶች ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነው።"
እጄን ያዘች። ከዚያ፣ "እኔስ ብሆን ማንን አውቄ?"
ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።