«እትዬ አውልቁ»፦ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን ሁለት ጊዜ ያስመዘኑት እህታችን

እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታችን በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ያደጉትም ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ከአምስት ታናናሾቻቸው ጋር ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሁላችንንም ተራ በተራ በሩ ላይ አቁመው በአባታችን ሜትር ቁመታችንን ይለኩና በደብተር ይጽፉ ነበር። ተረከዙን ከፍ ያደረገ ኩርኩም ይቀምሳል። ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ወንድማቸው ከሁሉም በላይ ቀምሻለሁ።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነርሶች ማሠልጠኛ ገብተው በከፍተኛ ውጤት ተመረቁ። በሆስፒታል የሕፃናት ክፍልም ለአራት ዓመታት አገለገሉ። ያዳኑት ልጅ በወሩ በዚያው በሽታ ተመልሶ ሲመጣባቸው ግን አላስችል አላቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሕብረተሰብ ጤና አጠኑና በ1976 ዓ.ም. በጤና ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በትምህርት ላይ ሳሉ ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባልና ሚስቱ በትዳር ዘመናቸው የተጨቃጨቁት በአብዛኛው ስለ አማካይ ቁጥር ነው።

በ1983 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በአንዳንድ ብርዳማ ወረዳዎች ክብደታቸው ላነሰ ሕፃናት በክሊኒኮች የሚታደለው ተጨማሪ ምግብ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ተቋሙን ጠየቀ። ጥናቱን የመሩት እህታችን ነበሩ። በሃያ ሁለት ክሊኒኮች አራት ሺህ ሕፃናት ተመዘኑ፤ አብዛኞቹም ደህና ክብደት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ሪፖርቱ ታተመ፣ ምስጋና ጎረፈ፣ ሚኒስቴሩም ምግቡን በዓመቱ መጨረሻ ለማቆም ተዘጋጀ።

እህታችን ለአንዱ ክሊኒክ የምስጋና ደብዳቤ ሊያደርሱ የሄዱበት ጠዋት ውርጭ ነበር። ነርሷ አንድ ሕፃን ከነሹራቡ፣ ከነኮፍያውና ከነብርድ ልብሱ ስትመዝን አዩ። በጥናቱም ጊዜ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ሲጠይቋት፣ «ታዲያስ! በዚህ ብርድ ማን ልጅ ያራቁታል? እናቶቹ መች ይለቁናል!» አለቻቸው። ልብሱን አስወልቀው ለብቻው መዘኑት። ልብሱ ብቻውን አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የአመዛዘን መመሪያውን የጻፉት ራሳቸው ነበሩ። ሚዛኑ እንዴት ዜሮ ላይ እንደሚመለስ፣ ቁጥሩ ከየት በኩል እንደሚነበብ ሳይቀር በዝርዝር አስፍረዋል። ልብስ ይውለቅ የሚል ግን አልነበረበትም፤ በሠሩበት ሞቃት የሕፃናት ክፍል ይህን ለነርስ መንገር አያስፈልግም ነበርና። የልብስ ሰፊ ልጅ ልብስን መርሳታቸውን አባታችን ሰምተው ቢሆን ኖሮ በሳቅ በፈረሱ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። የተቋሙ ዳይሬክተር ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ጥናት በጸጥታ እንዲታረም መከሯቸው። «እስከዚያ ልጆቹ ምን ይብሉ?» ብለው ወጡና ለሚኒስቴሩ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ሪፖርቱ ስህተት ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። የተጠበቀው የሥራ እድገታቸው ቀረ፤ በኮሪደሩ ሲያልፉ ወሬ የሚያቆመው ሰው በዛ። ሚኒስቴሩ ግን ከውሳኔው በፊት የስምንት ሳምንት ጊዜ ሰጣቸው።

በተቋሙ ያለውን ማሞቂያ ሁሉ ነቅለው መኪና ላይ ጫኑ። የመጀመሪያው የተነቀለው ከዳይሬክተሩ ቢሮ ነበር። ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞሩ፣ ክፍሉን እያሞቁ፣ እናቶችን እየለመኑና እየተቆጡ፣ ከአራቱ ሺህ ሕፃናት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ አንዱን ዳግም አስመዘኑ። ነርሶቹ «እትዬ አውልቁ» የሚል ስም ያወጡላቸው ያኔ ነው። ከሦስት ሕፃናት አንዱ ክብደቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በውሳኔው ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን ሁለቱን ሪፖርቶች ከፍ አድርገው፣ «ሁለቱም የእርስዎ ናቸው። የትኛውን እንመን?» ሲሉ ጠየቁ። እህታችንም፣ «በመጀመሪያው የመዘንነው ብርድ ልብስ ነው፤ ብርድ ልብስ ደግሞ አይራብም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምግቡ እንዲቀጥል ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ብርዳማ ወረዳዎች ሁሉ እንዲስፋፋ፣ እያንዳንዱም ክሊኒክ ማሞቂያ እንዲኖረው በዚያው ቀን ተወሰነ። በአምስት ዓመት ውስጥ በእነዚያ ወረዳዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ቀነሰ። ያን ዜና በሬዲዮ ስንሰማ እናታችን እልል አሉ፤ እኛም በኩራት አለቀስን።

ጡረታ እስከወጡበት 2004 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ተመራማሪዎችን አሠልጥነዋል። ለአዲስ ገቢ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን የሚያስነብቡት ያንኑ የተሳሳተ ሪፖርታቸውን ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ አምስት ታናናሾቻቸው አለን። ያ ምግብ በሕይወት ያቆያቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ግን አልጻፍንም፤ ያልተቆጠረ አይጻፍ ይሉን ነበር። በእነዚያ ክሊኒኮች ምግቡን በልታችሁ ያደጋችሁ ዛሬ በመካከላችን ካላችሁ፣ ይህ ሲነበብ እባካችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ልጆቻቸው ይዩአችሁ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።