ከመኪናህ ስር ግባና እይ

ውድ አዳሙ፣

ታላቅ ወንድሜ ነህና ሁልጊዜ «አያ» ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ወደ አንተ ወደ አዲ አርቃይ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር በሀዳነ እጅ ልኬልሃለሁ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊያስታርቁን ጠርተውናል። በመኪናህ ወደ ጎንደር ከመነሳትህ በፊት አንብበው።

ቀሐ ባለው በአባታችን ቤት የተነሳ ከተኳረፍን ወዲህ ደጄን አልረገጥክም ነበር። አንተ ይሸጥ አልክ፣ እኔ አይሸጥም አልኩ። ታዲያ ለጥምቀት ዋዜማ ሳልጠራህ መጥተህ መኪናዬን አጠብክ። ከጎረቤቴ ከብርቱካን የወሰድከውን ቁልፍ መልሰህላት ሳታየኝ ሄድክ። እኔ ሞኟ ልቡ ራራ ብዬ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ወደ ማክሰኝት ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ከፊቴ በሬ እየነዱ የሚሄዱ ገበያተኞች ነበሩ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ውስጥ ከተትኩት። ሰው አልተነካም። መኪናውን አስጎትቼ ለመካኒክ ሰጠሁ።

ብርቱካን ይህን ስትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ዕለት እኮ ከመኪናሽ ስር ተኝቶ አይቸዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። እኔ ብሞት ቤቱ ለማን እንደሚቀር አሰብኩ። ወንድሜ ነው እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እላለሁ። ልከስህ ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ሄጄ ነበር።

ያስመለሰኝ መካኒኩ ምስጋናው ነው። ደውሎ ጠርቶኝ የፈነዳውን የፍሬን ቱቦ አሳየኝ። ቢላ የነካው አይመስልም፤ ላስቲኩ ውሃ እንደነካው ዳቦ አብጦ ላልቷል። «ምነው ናፍጣ ታጠጭዋለሽ? ላስቲክ ናፍጣ አይችልም» አለኝ።

አባታችን ትዝ አለኝ። በየበዓሉ መኪናውን አጥቦ፣ ብረት ካልጠጣ ዝገት ይበላዋል እያለ ከስር ናፍጣ ይረጨው ነበር። አንተም ከሱ ወስደህ ስንት ዓመት የኔንም ያንተንም ስትረጭ ኖረሃል። ብርቱካን ያየችህ ይህን ስታደርግ ይሆን? ወይስ ምስጋናው ወዳጅህ ስለሆነ ሊሸፍንልህ ነው? አላውቅም። ማንንም ማመን አቅቶኛል።

ስለዚህ ከመኪናህ ስር ግባ። ከጎማዎቹ ጀርባ ያሉትን የላስቲክ ቱቦዎች በጣትህ ጫን ጫን አድርጋቸው። ደህና ከሆኑ፣ የኔን ብቻ ሆን ብለህ ነክተሃል፣ ለራስህ መኪና የሳሳኸውን ለኔ አልሳሳህም ማለት ነው፤ እሑድ ዓይንህን ማየት አልፈልግም። ካበጡ ግን ጥፋቱ የናፍጣው ነው፤ ሞተሩን እንዳታስነሳ። ስትመለስ የሊማሊሞን ቁልቁለት በዚያ ፍሬን ልትወርድ ነው፣ ያውም ልጅህን ሶሊያናን አጠገብህ አስቀምጠህ። ልጅቷን ይዘህ በአውቶቡስ ና።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የወንድሜ ቱቦ በስብሶ እንዲገኝ ስጸልይ ሰነበትኩ።

እሑድ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከሀዳነ አውቶቡስ ስትወርድ ካየሁህ፣ ያኔ አያ እልሃለሁ።

እህትህ ሰሎሜ