ከሰርኩ ስል የሚያምነኝ ጠፋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 3 ሰ.

የመለዋወጫ ሱቄን ከፍቻለሁ። ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የፍሬን ሸራ ሸጥኩ። ስልኬን ሦስቴ አየሁ፣ ሦስቴም ደሜ ፈላ። ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ፎሬክሱ፣ ያ የስልኩ የዶላር ንግድ፣ በላኝ። የቀረኝ አንድ የመኪና ባትሪ አይገዛም። ለዕቃ ማምጫ ካስቀመጥኩት ላይ ነበር ያነሳሁት። ማንም አያውቅም።

ስልኬ ላይ ያለው የፎሬክስ ግሩፕ ግን ሰርግ ቤት ነው። ያው የትርፍ ፎቶ፣ ያው ጭብጨባ። አንዱ የመኪና ቁልፍ ለጥፏል። አንድ ሰው እንኳ ከሰርኩ አይልም። ሁሉም ካተረፈ የኔን ብር ማን ወሰደው?

6 ሰ.

አላስቻለኝም። ኪሳራዬን ለጠፍኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ። ግሩፑን የሚመራው ልጅ፣ ኮች ነው የምንለው፣ በግል ጻፈልኝ። ዲሲፕሊን ስለሌለሽ ነው፣ የሰው ሞራል አትግደይ ይላል። የመጀመሪያ ሳምንት ትርፌ ከነፎቶዬ ግን እስካሁን ግሩፑ አናት ላይ ተሰክቷል። ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ። «የመርካቶዋ ጀግና» ብሎ ጽፎበታል። አንሳልኝ አልኩት። አላነሳም። የማያፍር!

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። 5 ሰ.

ጉድ ፈላ። ጋሼ ሸምሱ መጡ። የጎን ሱቅ ጎረቤቴ፣ ጎማ ነጋዴ። አባቴ ሲሞት ይቺ ሱቅ እንዳትዘጋ የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። አስመጪዎቹ ዛሬም በዱቤ የሚሰጡኝ በሳቸው ቃል ነው። ዕቁብ ወጥቶላቸዋል፣ እሑድ ይቀበላሉ። ልጃቸው ያንን ፎቶ አሳይታቸዋለች። ብሩን በሙሉ እንዲነግድላቸው ለኮች ሊሰጡት ነው። እንዴት እኔን ትደብቂኛለሽ ልጄ እያሉ ይቆጣሉ፣ ፊታቸው ግን ይስቃል።

ጋሼ፣ ከስሬያለሁ አልኳቸው። ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ወዲያው ገባኝ። እዚህ ሶማሌ ተራ ገበያ እንዴት ነው ሲባል መልሱ «ሞቷል» ነው። መጋዘኑ ጢም ብሎም ሞቷል ነው። አባቴም እንደዚያ ይል ነበር። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ስድስት ባትሪ በሸጥኩበት ቀን ለጋሼ ገበያ የለም ብያቸዋለሁ። አሁን ከሰርኩ ስላቸው የሰሙት አተረፍኩ ነው። በማልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። አባትሽም እንዲህ ይምል ነበር ብለው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

እዚያ ግሩፑ ላይ ሁሉም አተረፍኩ ይላል፣ እዚህ ሁሉም ከሰርኩ ይላል። እውነቱን የት ሄጄ ልናገር? ደግሞ በኮች ብቻ አይደለም የተናደድኩት። ያንን ፎቶ ተነሺ ብሎ ማን አስገደደኝ? ይታይልኝ ብዬ ነው። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ከጁምዓ ሲመለሱ ጠብቄ ስልኬን ሰጠኋቸው። አካውንቱን ይዩት ብዬ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላብጠው አዩ። ይሄ የሚታየው ነው፣ ዋናው የታለ አሉኝ። ነጋዴ መቼ ነው አንድ ደብተር ብቻ የሚይዘው? እኔም መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የሂሳብ ደብተር ሁለት ነው፣ አንዱ ለማሳየት፣ አንዱ ለራሴ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። በሕይወቴ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም። ለማያውቅሽ ሰው ሁሉ አሳይተሽ እኔን መደበቅሽ ከፋኝ አሉ። ሻይ አዝዘውልኝ ነበር። ሳልጠጣው ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። 4 ሰ.

ጋሼም እኔም ያለንበት ዕቁብ ነገ ነው፣ መዋጮዬ የለኝም። የእናቴን አምባር ሸጬ ልጥል ነበር፣ ማንም ሳያውቅ። ወርቅ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ቆምኩ። እኔ ነገ አምባር ሸጬ፣ ፈገግ ብዬ ብጥል፣ ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው ምን ይላሉ? ይኸው፣ ከሰርኩ ባይዋ!

ሳልገባ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 8። 8 ሰ.

ዕቁቡ 9 ሰ. ነው። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ።

ገበያ የለም ብሎ የማይዋሽ እዚህ ሰፈር የለም። ዕቁብ የምጥለው የለኝም ብሎ የዋሸ ግን አላየሁም። ሰው ቤቱን ሽጦ ይጥላል እንጂ ያንን አይልም። ስለዚህ ዛሬ እኔ እለዋለሁ፣ ጋሼ እንዲያምኑኝ። የዕቁቡ ዳኛ ስሜን ሲጠራ፣ የጋሼ ብር ሳይሰጣቸው በፊት፣ ተነስቼ የለኝም እላለሁ። ምን እንደበላኝም እናገራለሁ። በዱቤ የሚሰጡኝ ሁለቱ አስመጪዎችም እዚያ ናቸው። ከነገ ጀምሮ ዱቤ የለም። የአባቴ ስምም አብሮ ይነሳል። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ኮች ግን ዛሬም ትርፍ ለጥፏል።

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ አብረን እንሂድ ይላሉ። ኩርፊያቸው ያለፈ ይመስላል። ለዕቁብሽ ካነሰሽ ልሙላልሽ እያሉ ውጭ ይስቃሉ።

አምባሩ ሳይሸጥ እጄ ላይ ነው። አይሙሉልኝ፣ መጣሁ አልኳቸው።