«ሴቶቹም ተስማምተዋል»

ሜይ 6
ሙቀት። ከታማሌ ከተማ በሞተር ብስክሌት፣ አቧራ ስንቅም ወደ አንድ የሰሜን ጋና መንደር ለጥናት መጣን። አለቃዬ ዶክተር ፉሴይኒ አባወራዎቹን የመንደሩ ሹም ደጅ ሰብስቦ ጠየቀ። ፍሬያቸው ቅቤ የሚወጣው የሺያ ዛፎች ተመንጥረው ቦታው የአኩሪ አተር እርሻ ይሁን? እሺ አሉ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። «ሴቶችስ?» አለ። ማን ይመልስለት? በሹሙ ፊት ባሏን የምትቃወም የት አለች! «ተስማምተዋል» ብሎ ጻፈ። የዚሁ አገር ሰው እኮ ነው... አያውቅም ልበል?

ሜይ 9
ብቻዬን ተመለስኩ። የወደቀውን ፍሬ ከሴቶቹ ጋር አብሬ ለቀምኩ። የሴቶቹን አለቃ እማማ ሳናቱን «ያን ቀን ምነው ዝም አላችሁ?» አልኳት።
«ውይ ይቺ ልጅ! እዚያ ብናገር ማታ ማን ቤት ላድር ነው? አንቺ ጋ?»
ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። መሬቱ የባል፣ እህሉ የባል። የነሱ ፍሬው ብቻ። የልጅ ደብተር፣ መድኃኒት፣ ጨው... ሁሉም ከሺያ ቅቤ።
«አንቺ የተማርሽው ንገሪልን።»
እነግራለሁ አልኩ።

ሜይ 27
ስለ ሴቶቹ የጻፍኩትን ምዕራፍ ዶክተሩ ከሪፖርቱ ቆርጦ አወጣው።
«የጓሮ ወሬ ጥናት አይሆንም፣ ዉንፒኒ።»
«እርስዎን ያስተማረዎት የእናትዎ ቅቤ አይደለም?»
ፊቱ ጠቆረ። «ስትወጪ በሩን ዝጊው።»
አልዘጋሁትም።

ጁን 12
ሪፖርቱ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ስሜ! «የሴቶችን ጉዳይ ያጠናችው» ይላል። ውስጡ ስለ ሴቶች አንድ ዓረፍተ ነገር፦ ሴቶቹም ተስማምተዋል።
«ስሜን አውጡልኝ» አልኩ።
«ለጋሾቹ ሴት አጥኚ ይፈልጋሉ። ክብር ነው እኮ!» አለ ዶክተሩ።
የሴቶቹን ቃል ጣሉ፣ ስሜን አስቀሩ። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ጁን 14
መንደሩ መሄጃ ሞተር ብስክሌት እየፈለግኩ ነው፤ ዛፎቹ ሳይቆረጡ ልድረስ።

ጁን 20
ዶዘሩ ቀድሞኛል። ዛፎቹ ከነፍሬያቸው ተጋድመዋል። ሹሙ ደጅ ሄጄ፣ እንደ ልማዱ ሳልንበረከክ፣ በወንዶቹ ሁሉ ፊት «አልተስማሙም! የጠየቃቸውም የለም!» አልኩ።
አንዱ ሽማግሌ ሪፖርቱን አነሳ። «ይሄ የማን ስም ነው? ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን?»
ተሳሳቁ። «አውጧት!» ተባለ።
እማማ ሳናቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሰላም አልኳት፣ አልፋኝ ሄደች። ተከተልኳት። «እኔ አልጻፍኩትም፣ ምዬ ልንገርሽ...» ዞር አለች።
«ስምሽን አነበቡልን፣ ልጄ። እኛ ዝም ነው ያልነው። የተናገርሽው አንቺ ነሽ።»